መስከረም ላይ የሚጀምር፣ ዓመቱን ሙሉ የማይለቅ፦ የአፍንጫ አለርጂ በአዲስ አበባ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ መድኃኒት ቤቶች ተመሳሳይ አቤቱታ ይደጋገማል፦ «ጉንፋኑ አልለቅ አለኝ»፣ «ሳይነሴ ተነሣብኝ»፣ «ብርድ መታኝ»። አቤት ባዩ ትኩሳት የለውም፤ ሰውነቱንም አይቆረጣጥመውም። ነገር ግን ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ በላይ በላዩ ያስነጥሰዋል፣ ከአፍንጫው ቀጭንና ጥርት ያለ ፈሳሽ ይወርዳል፣ ዓይኑንና ላንቃውን ያሳክከዋል። ብዙ ጊዜ አሞክሳሲሊን ወይም ሌላ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ይሄዳል፤ ሳምንት ሳይሞላም ያው ችግር ይመለሳል። የዚህ ሰው ሕመም በአብዛኛው የአፍንጫ አለርጂ ነው። የአፍንጫ አለርጂ ደግሞ ሲብስ ብቻ እየታከመ የሚተው ሕመም ሳይሆን የራሱ የቀን መቁጠሪያ ያለው፣ ውስጥ ውስጡን የሚቆይ ብግነት፣ ማለትም የአፍንጫ ሽፋን መቆጣትና ማበጥ ነው፤ የራሱን ወራትና ቀስቃሾች የለየና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው፣ በጨነቀው ቀን ብቻ ኪኒን ከሚገዛው ይልቅ እጅግ የተሻለ እፎይታ ያገኛል።

አለርጂ የሚባለው የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በራሱ ጉዳት የማያደርስን ነገር፣ ለምሳሌ የሣር ብናኝን ወይም የድመት ፎረፎርን፣ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዘምትበት የሚፈጠረው ሁኔታ ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1906 ያወጣው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነው፤ ይሁን እንጂ የነገሩ ዋና ተዋናይ የሆነው አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ተለይቶ የታወቀው ከዚያ ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ በአሜሪካና በስዊድን ይሠሩ በነበሩ ተመራማሪዎች ጥረት ነው። ሂደቱ ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ ሰውነት ቀስቃሹን ነገር እንደ ጠላት ይመዘግበውና በእርሱ ላይ ያነጣጠረ አይጂኢ ያመርታል፤ ይህ አይጂኢ በአፍንጫ፣ በዓይንና በሳንባ ሽፋን ሥር በሚገኙ ማስት በተባሉ ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይጠባበቃል። በዚህ ጊዜ ምንም ምልክት አይታይም፤ ለዚህም ነው ለዓመታት ድመት ያሳደገ ሰው በድንገት በዚያው ድመት ምክንያት ማስነጠስ የሚጀምረው። ቀስቃሹ ዳግመኛ ሲመጣ ሴሎቹ ሂስታሚንንና ሌሎች ኬሚካሎችን በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃሉ፤ ማሳከኩ፣ ማስነጠሱና ፈሳሹ ከዚህ ይመነጫሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ግን በደም ውስጥ ያሉ ሌሎች ሴሎች ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፤ የአፍንጫው ሽፋን ያብጣል፣ መተንፈሻው ይዘጋል። ነበልባሉ ጠፍቶ ረመጡ ሲቀር እንደሚሆነው ሁሉ፣ ያበጠው ሽፋን ትንሽ ነገር ሲነካው እንደገና ይነሣል፤ በመስከረም መጀመሪያ ብዙ ብናኝ ይፈልግ የነበረው አፍንጫ በጥቅምት በጥቂቱም ይቆጣል፤ የከሰል ጭስ፣ የሽቶ ሽታና የጠዋት ቅዝቃዜ ጭምር ያስነጥሱታል። ብዙ ሰው «ብርድ አለርጂ አለብኝ» የሚለው ይህን ሲያይ ነው። ቅዝቃዜው በአብዛኛው አስቀድሞ የተቆጣን አፍንጫ የሚነካ እንጂ የችግሩ ሥር አይደለም፤ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር «መስኮቱን ዝጉት!» የሚለው ድምፅ ግን ይህን ለመስማት ጊዜ ያለው አይመስልም።

ከጉንፋን የሚለየው ምንድን ነው? ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ በጉሮሮ ሕመም ይጀምራል፣ አንዳንዴም ትኩሳትና የሰውነት መቆረጣጠም ያስከትላል፣ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜም ይለቃል። አለርጂ ትኩሳት የለውም፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቆያል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያሳክካል። ልጁ በመዳፉ አፍንጫውን ወደ ላይ እያሻሸ ከአፍንጫው ድልድይ በታች አግድም መስመር ካወጣ፣ ከዓይኑ ሥርም ከጠቆረ፣ እናቱ የምታየው ምልክት ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። እውነተኛው የሳይነስ ኢንፌክሽን ደግሞ ፊትንና ግንባርን በሕመም ይይዛል፣ ወፍራምና ቀለም ያለው ንፍጥ ያመጣል፤ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚጠረጠረውም ምልክቱ ከዐሥር ቀን በላይ ሳይሻል ሲቆይ ወይም ተሽሎ ከነበረ በኋላ ተመልሶ ሲብስ ነው። ያለዚያ አንቲባዮቲክ መውሰድ ለአለርጂው ምንም አይፈይድም፤ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲላመዱት ያደርጋል እንጂ።

የእኛው ወራት

ስለ አለርጂ በኢንተርኔት የሚነበበው አብዛኛው ምክር የተጻፈው በሚያዝያና በግንቦት ዛፎች ለሚያብቡባቸው አገሮች ነው። የአዲስ አበባ ሰው ያንን ወር ይዞ ቢጠብቅ ተሳሳተ። በእኛ ደጋ ምድር ሣሩ በክረምት ዝናብ አድጎ የሚያብበውና የሚያፈራው ዝናቡ ሲያበራ ነው፤ ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ለሣር ብናኝ ዋነኛው ወቅት ነው። በጃንሜዳ፣ በወንዞች ዳርና በእንጦጦ ሥር ያለው ሣር ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል፤ ነፋሱም ወደ መሐል ከተማ ያመጣዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ ስሕተት አለ። ሰው የሚጠረጥረው የሚያምረውን አበባ ነው፤ መስከረም ላይ ሲያስነጥሰው አደይ አበባን ይወቅሳል፣ መንገድ ዳር ያለው ጃካራንዳ ሐምራዊ አበባውን ሲያረግፍም እርሱን ይከስሳል። ደማቅ አበባ ያላቸው ዕፅዋት ግን በአብዛኛው ብናኛቸውን የሚያሰራጩት በንብና በሌሎች ነፍሳት ነው፤ ብናኙ ከባድና ተለጣፊ ስለሆነ በአየር ላይ ርቆ አይሄድም። አበባውን ቀጥፎ ፊቱ ላይ ያስጠጋ ሰው ሊቆጣ ይችላል፤ በመንገድ የሚያልፈውን መንገደኛ የሚያስቸግሩት ግን አበባቸው ልብ የማይባሉት፣ በነፋስ የሚራቡት ናቸው፤ ከሣር ሌላ ጥድና ወይራ ከእነዚህ ውስጥ ይመደባሉ። የጥድ ዘመዶች ብናኝና የወይራ ብናኝ በሜዲትራኒያን አካባቢ ከታወቁት ዋና ዋና የአለርጂ ቀስቃሾች መካከል ናቸው፤ በእኛም አገር ሁለቱ ዛፎች በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽርና በእንጦጦ ተራራ ላይ በብዛት ይገኛሉ። ከተማዋን የከበበው ባሕር ዛፍ በአንጻሩ በዋናነት በነፍሳት የሚራባ ነው፤ ሽታው የተቆጣ አፍንጫን ቢነካም የሚደርስበት ወቀሳ ግን ከድርሻው ይበልጣል።

ክረምት የሻጋታ ወር ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባሉ የጭቃ ቤቶች፣ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ሻጋታው ይዘራል፤ ፍሬው በአየር ላይ ይንሳፈፋል። እርጥበት ሲጨምር በዓይን የማይታዩት የአቧራ ተባዮችም ይራባሉ። እነዚህ ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ቅርፊት የሚመገቡ፣ በፍራሽ፣ በትራስና በብርድ ልብስ ውስጥ የሚኖሩ ፍጡራን ናቸው፤ ሰውን አይነክሱም፣ የሚያስቸግረው በኩሳቸው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲወርድ ይመናመናሉ፤ ስለዚህ ደረቁ በጋ ለእኛ ረዳት ነው። ይሁንና ተባዩ ቢሞትም ኩሱ በፍራሹ ውስጥ ስለሚቀር፣ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥሰው ሰው በመጀመሪያ መፈተሽ ያለበት የተኛበትን አልጋ ነው። በረሮ፣ ድመትና ውሻ ዓመቱን ሙሉ ከሚያስቸግሩት መካከል ናቸው፤ ስለ በረሮ የመርካቶንና የአሮጌ ሰፈሮችን ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

በጋ ሲገባ አቧራው ይነሣል። የመንገድና የግንባታ አቧራ፣ የመኪና ጭስ፣ የከሰል ጭስ፣ የሚቆላ በርበሬና ዕጣን በአብዛኛው አለርጂ ቀስቃሾች ሳይሆኑ ቆጥቋጮች ናቸው፤ ማለትም አይጂኢ ሳያስፈልጋቸው ማንኛውንም አፍንጫ ይቆጠቁጣሉ፣ አለርጂ ያለበትን ደግሞ የበለጠ። የናፍጣ ጭስ ቅንጣቶች ከዚህም አልፈው ሰውነት ለብናኝ የሚሰጠውን የአለርጂ ምላሽ እንደሚያባብሱ በምርምር ታይቷል። ስለዚህ በሣር ተከቦ ከሚኖረው የገጠር ሰው ይልቅ የከተማው ሰው ቢያስነጥስ ሊያስደንቅ አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር የተካሄደ ጥናትም የአፍንጫ አለርጂ የቅርብ ዘመድ የሆነው አስም በከተማው ነዋሪዎች ዘንድ ከገጠሩ ይልቅ በዝቶ እንደተገኘ አመልክቷል። የቡናው ሥርዓት ይቅር የሚል ሰው አይገኝም፣ እኔም አልልም። ነገር ግን ዕጣኑን መቀነስ፣ በርና መስኮት ከፍቶ ማጨስ፣ በርበሬውን ከቤት ውጭ መቁላት፣ የበዓሉን ቄጤማም እርጥበት ይዞ ሳይሻግት በማግስቱ ጠርጎ ማውጣት ከባህሉ ምንም አያጎድሉም።

በቤት ውስጥ የሚሠራውና የማይሠራው

ጋቢና አንሶላ በ60 ዲግሪ ሙቀት ውኃ ቢታጠብ ተባዩ ይሞታል። አብዛኛው ሰው የሚያጥበው በቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ይህም ቢሆን ተባዩን ባይገድልም አለርጂ ቀስቃሹን ፕሮቲን በአብዛኛው አጥቦ ስለሚያስወጣው በየሳምንቱ ማጠብ ዋጋ አለው። እናቶቻችን ፍራሹንና ብርድ ልብሱን በጠራራ ፀሐይ ላይ አስጥተው የሚያራግፉት በከንቱ አይደለም፤ ሙቀቱና ድርቀቱ ተባዩን ይጎዳዋል፣ ማራገፉም ኩሱን ያስወጣል። የሚያራግፈው ሰው ግን አለርጂ ያለበት ሰው መሆን የለበትም፤ መጥረጊያም ሲሆን እንደዚሁ፣ ደረቁን ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። በመስከረምና በጥቅምት የታጠበ ልብስን ነፋስ ላይ ከማስጣት ቤት ውስጥ ማድረቅ፣ ከውጭ ሲገቡም ፊትንና ፀጉርን መታጠብ ይጠቅማል። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው የአፍ መሸፈኛ ለብናኝም ለአቧራም ያገለግላል።

ከቤት ውስጥ ዘዴዎች ሁሉ ብልጫ ያለው አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ ነው። ለግማሽ ሊትር ውኃ አፉ የተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ውኃው ግን መፍላት አለበት፣ ምክንያቱም ቢጠጣ ጉዳት የሌለው ውኃ እንኳ በአፍንጫ ሲገባ አደገኛ ጀርም ሊያስገባ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በቆላ አንድ ደቂቃ ማፍላት ሲበቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ለሦስት ደቂቃ ማንተክተክ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ቀዝቅዞ ለብ ሲል መጠቀም ይገባል።

ዳማከሴ ማሽተት፣ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሮ መሳብ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን የአፍንጫ መታፈኑን ለጊዜው ቀለል ያደርጉ ይሆናል፤ ብግነቱን ግን አያጠፉም፣ የሚንተከተክ ድስት ላይ ማጎንበስም ልጆችን ያቃጠለበት ጊዜ ብዙ ነው። የአካባቢውን ማር መብላት አለርጂን ያድናል የሚለው ወሬ ደግሞ መሠረቱ ደካማ ነው፤ ንብ የምትሰበስበው የአበባውን ብናኝ ነው፣ የሚያስነጥሰን ደግሞ ንብ እምብዛም የማትፈልገው የሣሩ ብናኝ ነው።

መድኃኒቶቹ

በጣም የታወቁት ፀረ ሂስታሚን ኪኒኖች ናቸው። የቀድሞዎቹ፣ ለምሳሌ ክሎርፊኒራሚንና ፕሮሜታዚን፣ ወደ አንጎል ስለሚዘልቁ እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ማስተዋልንም ይቀንሳሉ፤ ሾፌር፣ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛና ፈተና ያለበት ተማሪ ቢርቃቸው ይሻላል። ሎራታዲን እንቅልፍ እምብዛም አያመጣም፤ ሴትሪዚን በአንዳንድ ሰው ላይ ያመጣልና ማታ መውሰድ ይቻላል። ለአዋቂ የሁለቱም የተለመደ መጠን በቀን አንድ ጊዜ 10 ሚሊ ግራም ነው። ኪኒኖቹ ማሳከክንና ማስነጠስን በጥሩ ሁኔታ ያስታግሳሉ፤ የተዘጋ አፍንጫን ግን ብዙም አይከፍቱም፣ ምክንያቱም የሚያግዱት ሂስታሚንን እንጂ ረመጡን አይደለም።

ረመጡን የሚያጠፋው በአፍንጫ የሚረጨው የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ ቤክሎሜታዞን፣ ፍሉቲካሶንና ሞሜታዞን ከዚህ ወገን ናቸው። ለመካከለኛና ለከባድ የአፍንጫ አለርጂ ከሁሉ የተሻለው መድኃኒት ይህ ሆኖ ሳለ በእኛ ዘንድ በሁለት ምክንያት ይናቃል። አንደኛው ስሙ ነው፤ ስቴሮይድ ሲባል ሰው የሚያስበው ፊት የሚያሳብጠውን መርፌና ኪኒን ነው። የሚረጨው ግን መጠኑ በማይክሮ ግራም የሚለካ ሲሆን አብዛኛው ሥራ የሚሠራው እዚያው አፍንጫ ላይ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሚጠቀሙ ልጆችን ቁመት ሐኪም እየለካ መከታተሉ እንዳለ ሆኖ። ሁለተኛው ትዕግሥት ማጣት ነው፤ መድኃኒቱ ሙሉ ኃይሉን እስኪያሳይ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው ይበዛል። የመስከረሙን አለርጂ የሚያውቅ ሰው በነሐሴ መጨረሻ ቢጀምረው፣ ብናኙ ሲደርስ አፍንጫው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። አረጫጨቱም መታወቅ አለበት፤ አንገትን ቀና ሳይሆን ጎንበስ አድርጎ፣ በቀኝ እጅ ግራውን፣ በግራ እጅ ቀኙን አፍንጫ፣ ጫፉን ወደ መሐሉ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ አዘንብሎ መርጨትና በቀስታ መሳብ ነው። መሐሉ ላይ የሚረጭ ሰው አፍንጫው ይደማል፤ አጥብቆ የሚስብ ደግሞ መድኃኒቱን ይውጠዋል።

ከዚህ ጋር ፈጽሞ መምታታት የሌለበት አፍንጫን በደቂቃዎች ውስጥ የሚከፍተው ጠብታ ነው። ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን የደም ሥሮችን በማጥበብ የሚሠሩ ሲሆን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካለፈ አፍንጫው ያለ እነርሱ የማይከፈት ይሆናል፤ ጠብታውን ለወራት በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው አሁን የሚታከመው አለርጂውን ሳይሆን የጠብታውን ጣጣ ነው። «አንዴ ተወግቼ ዓመቱን ልረፍ» ብሎ የስቴሮይድ መርፌ መጠየቅም አይመከርም። የሚያስደስት እፎይታ ይሰጣል፤ ግን የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረቱንም ሊገታ ይችላል።

አፍንጫና ሳንባ አንድ መተንፈሻ ናቸው፤ የአፍንጫ አለርጂ ካለባቸው ሰዎች ጥቂት የማይባሉት አስም አለባቸው ወይም ወደፊት ሊይዛቸው ይችላል። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሳል፣ ሲተነፍሱ የሚሰማ ሲርሲርታና ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ ስሜት ካለ ጉዳዩ ከመድኃኒት ቤት ወደ ሐኪም መዛወር አለበት። ብዙዎች ቬንቶሊን እያሉ የሚጠሩት ሳልቡታሞል ለብቻው አስምን ማከሚያ መሆኑ ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ለአዋቂዎችና ለታዳጊዎች ሁሉ ሳንባ ውስጥ የሚሳብ ስቴሮይድ አብሮ እንዲታዘዝ ይመክራል።

የዓይኑ አለርጂ በተለይ በልጆች ላይ ቸል ሊባል አይገባም። ዓይንን አዘውትሮ ማሸት የዓይኑን መስታወት ቅርጽ እስከ መለወጥ ይደርሳል፤ ይህንን ለማስታገስ ያለ ትእዛዝ የሚገዛ የስቴሮይድ ጠብታ ደግሞ ቀዩን በአንድ ቀን ሲያጠራ፣ ለወራት ከቀጠለ የዓይን ግፊትን ከፍ አድርጎ ወይም የዓይን ሞራን አምጥቶ ብርሃንን ሊያሳጣ ይችላል። ቀዝቃዛ ጨርቅ ማስቀመጥና ስቴሮይድ የሌለው የአለርጂ ጠብታ መጀመሪያ ሊሞከሩ ይገባል፤ ልጁ ብርሃን የሚፈራ ወይም እይታው የደበዘዘ ከሆነ የዓይን ሐኪም ሊያየው ግድ ነው።

ምርመራን በተመለከተ፣ የቆዳ ምርመራው ክንድ ላይ ጥቂት የቀስቃሽ ጠብታ አድርጎ በመጫር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ የሚያብጠውን መለካት ነው፤ ፀረ ሂስታሚን የሚወስድ ሰው ውጤቱ ሐሰት እንዳይሆን ከሳምንት በፊት ማቋረጥ ይኖርበታል። በደም የሚለካው ጠቅላላ አይጂኢ ግን በእኛ አገር ብዙ አይነግረንም፤ የአንጀት ትላትሎችም ያንኑ አይጂኢ ከፍ ስለሚያደርጉት፣ ከፍተኛ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ስለ አለርጂው ምንም ያላወቀ ሊሆን ይችላል፤ የሚጠቅመው ለእያንዳንዱ ቀስቃሽ ለየብቻ የሚለካው ነው። ውጤቱ ትርጉም የሚኖረውም ከታማሚው ታሪክ ጋር ሲገጥም ነውና፣ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ምልክቱ የጀመረበትን ወር፣ የሚብስበትን ሰዓትና ክፍል፣ የወሰዳቸውንም መድኃኒቶች ጽፎ ቢሄድ ከማንኛውም የላቦራቶሪ ወረቀት የበለጠ ይረዳል። መድኃኒት ሳያስታግሰው ለቀረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1911 በለንደን የተጀመረው፣ ቀስቃሹን በመርፌ በትንሽ በትንሹ እየሰጡ ሰውነትን የማለማመድ ሕክምና አለ፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይወስዳል፣ ዋጋው ውድ ነው፣ ከመርፌው በኋላም ለግማሽ ሰዓት ያህል በሐኪም ቁጥጥር ሥር መቆየትን ይጠይቃል።